ጋቢና የተቀመጠችው ሴት

እጀ ወርቅ ይሏታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሌላው «እጀ ወርቅ የት አለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሥራዋ ስልክ መጠገን ነበር። አሁንም ነው፣ ሥራ ከተባለ። ያረጀ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ጣሪያዋ ከደረጃው ጋር የሚያዘቀዝቅ ጠባብ ክፍል አለቻት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጎንበስ ያለ መብራት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ከመርፌ የቀጠነ መበየጃ። ቀኑን ሙሉ የሰው ኮቴ ከራሷ በላይ ይወጣል ይወርዳል፤ ማን እንደሆነም በኮቴው ትለየዋለች። «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጠበቃ ዛሬ ተሸንፈዋል» ትላለች አንዳንዴ፣ ከሥራዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እርምጃቸው ከብዷል።»

ሌላ ጠጋኝ «ይሄ አብቅቶለታል፣ ሌላ ግዢ» ብሎ የመለሰው ስልክ እሷ ጋ ሲመጣ ነፍስ ይዘራል። ሽንት ቤት የገባ፣ ልብስ ማጠቢያ ያጠበው፣ መኪና የሄደበት፣ ሕፃን አኝኮ የተፋው። የሞተው ስልክ ድንገት ሲበራ የባለቤቱን ፊት ማየት ትወድ ነበር። አንዱ ወፍራም ነጋዴ ስልኩ ሲነሳለት ጮኾ ግንባሯን ስሟት ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ባሏ በመጣ ቁጥር «ግንባርሽን ታጠቢው፣ የነጋዴ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

አንገቷን ደፍታ ውላ አንገቷን ደፍታ ስለምትገባ፣ አጠገቧ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ጎረቤቷ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ይላታል። እሷም «አገሩን ባጠፋውም መጠገኑ የኔው ዕዳ ነው፤ አያዋጣኝም» ብላ ትመልስለታለች። ረዥም ሴት ናት፤ ከዚያች ክፍል ስትወጣ እንደ ሰንጢ ታጥፋ ነው የምትወጣው፣ ውጭ ስትደርስ ትዘረጋለች።

ባሏ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ከበር በር እየዞረ፣ ቁጥር እያነበበ፣ ከውሻ ጋር እየተፋጠጠ ይውላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን እሷም ዛሬ ድረስ ትናገራለች። ቁመቱ ከሷ ያንሳል፤ ስለዚህም ነገር ሲቀልዱበት «እኔ ሰው ነኝ፣ እሷ ምሰሶ ናት» ይል ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው ያገለገለች ትንሽ መኪና ሲገዙ «ሙሽራዬ» ብሎ ስም አወጣላት። ዕድሜውን ሙሉ ከተማ በእግሩ ያካለለ ሰው መኪና ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ያው የእግሩ ጫማ ነው። እሑድ ጠዋት በአሮጌ ሸሚዙ ሲወለውላት እጀ ወርቅ በመስኮት ብቅ ብላ «እኔንም እንዲህ ብታሻሸኝ ተሽከርካሪ እሆንልህ ነበር» ትለዋለች። ይስቃሉ። ያኔ ቤታቸው ሳቅ ነበረበት።

የባሏ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ያሰቡትን ሳይናገሩ የማያድሩ ሴት ናቸው። መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ቦታቸው ከኋላ፣ ከምራታቸው ጀርባ ሆነ።

«እማማ፣ ጋቢና ይቀመጡ እንጂ» ትላቸው ነበር።

«አልፈልግም። አደጋ ከፊት ነው የሚመጣው። ያ ቀበቶም ያንቀኛል።»

አንድ ቀን ለዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ገና ከሰፈር ሳይወጡ ማጉረምረም ጀመሩ። «ልጄ፣ ይሄ ፊቴ የተገተረው ምንድን ነው? መንገዱን ካላየሁ ያቅለሸልሸኛል።»

«የወንበሩ ትራስ ነው፣ እማዬ።»

«ትራስ? ሰው መኪና ውስጥ ሊተኛ ነው የሚገባው?»

ባሏ መኪናዋን ዳር አስይዞ ወረደ። የሚስቱን በር ከፈተ፣ ከወንበሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን አደረገና የራስ መደገፊያውን ከነሁለት የብረት እግሮቹ መዘዘው። ከጥርስ ነቀላ የቀለለ ሥራ ነበር። ኋላ ወረወረው፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው።

«እኔስ ጭንቅላቴን የት ላሳርፍ?» አለች።

«ቤት ስትገቢ ሌላ ትራስ አለሽ።»

ሦስቱም ሳቁ። የእሷም ሳቅ ከልቧ ነበር። እማማ ወደ ፊት ጠጋ ብለው በሁለቱ ትከሻ መካከል መንገዱን እያዩ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየተቹ ሄዱ። ማንም ያንን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሳውም። መኪና ላይ ያለ ትራስ፣ ለምቾት ተብሎ የተቀመጠ ትርፍ ነገር፤ እንደ ሲጋራ ማርገፊያው ሁሉ ቢኖር ባይኖር ለውጥ የሌለው መሰላቸው። መኪና ሸጠው የሚኖሩትም ቢሆኑ አብዛኞቹ እንደዚያው ነው የሚመስላቸው።

ክረምቱ እንዳለቀ እማማን ዓይን ሐኪም ጋ ወስደዋቸው ሲመለሱ ነው። የትራፊክ መብራት ይዟቸው ቆሙ። ባሏ መሪውን በጣቶቹ እየመታ ያፏጫል። እማማ ከኋላ «መነጽሬን የት አደረግሽው?» አሉ።

«ቦርሳዎ ውስጥ፣ የጎን ኪሱ ውስጥ» ብላ ልታሳያቸው ዞር አለች።

በዚያች ቅጽበት ዳቦ የሚያከፋፍል መኪና ከኋላ መጥቶ ገጫቸው። ግጭት ከተባለ። ፍጥነት አልነበረውም፤ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ነበር፣ ተንሸራቶ ነው የደረሰባቸው። ድምፁ በር በኃይል ሲዘጋ እንደሚሰማው ያለ ነበር። እጀ ወርቅ የምታስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ ወንበሩ ጀርባዋን ገፋት፣ ከዚያ የመኪናውን ጣሪያ አየች። ፊት ለፊቷ የነበረው መንገድ ጠፍቶ ጣሪያ ሆነ። ወዲያው መንገዱ ተመለሰ።

ባሏ ዘሎ ወረደ። ሁለት እጁን የኋላ መከላከያዋ ላይ አሳርፎ፣ ሕፃን አተኮሰው አላተኮሰው ብሎ እንደሚዳስስ አባት ዳሰሳት። ትንሽ ስንጥቅ አለች። መብራቷ እንኳ አልተሰበረም። የዳቦ ሾፌሩ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ጎማው ነው የከዳኝ» አለ። ሰው ተሰበሰበ፤ «ተመስገን በሉ፣ ይሄማ መሳም ነው» አለ አንዱ። እማማ ደረታቸውን ይዘው «ልቤ ወጣች» አሉ፤ ውኃ መጣላቸው። ያቺ ረዥሟ ሴት ጋቢና ተቀምጣ አንገቷን እያሸች መሆኗን ልብ ያለ አልነበረም።  እሷስ ምን ትበል? ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ልትነሳ ስትል ጭንቅላቷ አልነሳ አላት። እውነቷን ነው፤ ገላዋ ሊነሳ ይፈልጋል፣ ራሷ ግን ትራሱ ላይ እንደ ተቸነከረ ቀረ። በመጨረሻ ሁለት እጇን ከማጅራቷ ሥር አስገብታ፣ ጭንቅላቷን ተበድራ እንዳመጣችው ዕቃ ተሸክማ ተነሳች። ባሏ ሲያያት ሳቀ። «ምን ሆንሽ? ዛሬ ራስሽን ልትሸጪው ነው?»

ሐኪም ቤት ሄደች። ኤክስሬይ ተነሳች። ወጣቱ ዶክተር ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘርግቶ «አጥንቱ ደህና ነው፤ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው፣ ዕረፍት አድርጊ» አላት፣ የሕመም ማስታገሻም ጻፈላት። ባሏ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው «ደህና ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ዕረፍቱ ዕረፍት አልሆነም። ሥራ ስትገባ ማይክሮስኮፑ ላይ ትንሽ እንደ ጎነበሰች ከማጅራቷ የሚነሳ ነገር በጆሮዋ ጀርባ አልፎ እስከ ዓይኗ ይወጋታል። ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ቦርዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ውኃ ውስጥ እንዳሉ ይዋኛሉ። ቀና ስትል ክፍሏ ትዞራለች። ወደ ኋላ ዞራ ማየት አልቻለችም፤ ሰው ሲጠራት ከወገቧ ጀምሮ እንደ በር ነው የምትዞረው።

አንዲት ወጣት እናት የወደቀ ስልክ አመጣችላት። የሕፃኗ ፎቶዎች በሙሉ፣ ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ፣ እዚያ ውስጥ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ እጀ ወርቅ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሠራው። መበየጃውን ይዛ ስትጎነበስ ጣቷ ከዳት። ትንሽ ብቻ ነው የከዳት፤ ግን እዚያ ላይ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ሴትዮዋ ልትወስድ ስትመጣ «አልቻልኩም፤ እኔው አበላሸሁት» አለቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። የሞተውን ስልክ በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች እጀ ወርቅ።

ወሬ እግር አለው። ደንበኛው ደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ መግባቱን ትቶ አጠገቧ ያለው ሽፋን ሻጭ ጋ መቆም ጀመረ። ሰውየው በሰላሙ ቀን አብሯት ሲስቅ የኖረ ነው፤ አሁን ስክሪን መቀየርና ባትሪ መቀየርም ጀመርኩ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ለጊዜው ነው፣ እስኪሻልሽ» አላት። ምን ትለዋለች? እሱም እንጀራው ነው።

ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ምግብ ስታወርድ ታቃስታለች፣ ልብስ ስታሰጣ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። እማማ መጀመሪያ ዘይት አሹላት፣ ቆይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ ወዲያ መናገር ጀመሩ።

«አንገተ ደንዳና ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኸው በዓይኔ አየሁ።»

«እማማ፣ ያመኛል እኮ ነው የምልዎት።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ እዚያው መኪና ውስጥ አልነበርኩም? ልቤ ወጥታ ተመለሰች፣ ይኸው ደህና ነኝ።»

ባሏም ይቺኑ ነገር ይዞ ቀረ። «እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ።» ሲያመኝ አደረ ስትለው፤ «እኔም እዚያው ነበርኩ።» ሥራ መሄድ አልቻልኩም ስትለው፤ «እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አንድ ግጭት ነው የተገጨነው።» ሲናገር ቁጣ የለውም፤ ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ግጭት፣ ሦስት ሰው። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ሦስተኛዋ ምን ሆነች? መልሱን እሷም አታውቀውም ነበር። ብቻዋን ስትሆን «እውነት አስመስዬ ይሆን እንዴ?» ብላ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። የሰው ቁስል እንጨት ነው ይባላል፤ የራስ ቁስል እንጨት መስሎ ሲታይ ግን የከፋ ነው።

ታላቅ እህቷ ናት እጇን ይዛ ወደ ፊዚዮቴራፒ የወሰደቻት። ባለሙያው ጎልማሳ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ መሰላል፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ኳሶች አሉ። አንገቷን በጣቶቹ እየዳሰሰ ጠየቃት።

«ስትገጩ ምን አየሽ፣ እህቴ?»

«ጣሪያውን።»

ጣቶቹ ቆሙ። «የመኪናውን ጣሪያ? ወንበርሽ የራስ መደገፊያ አልነበረውም?»

«ትራሱን ነው? አማቴ መንገድ አላሳይ ስላላቸው አወጣነው።»

 ሰውየው ፎጣ አምጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋ፣ ረዘም ያለ የውኃ ጠርሙስ ፎጣው ላይ አቆመ። «እይ» አለና ፎጣውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ጠርሙሱ ወደ ኋላ ተዘረረ።

«ጠርሙሱን ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም።»

«አዎ። ከሥሩ ያለው ነው የሄደው፣ አናቱ ባለበት ቀረ። መኪናሽ ከኋላ ስትመታ ወንበሩን ይዛ ወደ ፊት ትሄዳለች። ወንበሩ ጀርባሽን ይገፋዋል፣ ጀርባሽ ይሄዳል። ራስሽ ግን ከባድ ነው፤ የሚገፋው ካላገኘ ባለበት ይቆማል። መካከል ላይ የሚቀረው አንገት ነው። ታችኛው ወደ ፊት ሲጎተት ላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ መጀመሪያ እንደ እባብ ይጣመማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው አንቺ ድምፁን ሰምተሽ ምንድን ነው ሳትይ ነው።»

«ቀስ ብሎ ነው እኮ የገጨን።»

«ለመኪናዋ ቀስ ነው። ለአንገት ቀስ የሚባል የለም። ዞር ብለሽ ደግሞ ነበር፤ የተጠማዘዘ አንገት የባሰ ይጎዳል።»

ጠርሙሱን አንስቶ ከጀርባው ወፍራም መጽሐፍ አስጠግቶ አቆመ፤ መጽሐፉንና ፎጣውን አንድ ላይ ሳበ። ጠርሙሱ ቆሞ ሄደ። «መደገፊያው ሥራው ይሄ ነው። ራስና ጀርባ እኩል እንዲሄዱ። እስከ አናትሽ መድረስ አለበት፣ ከራስሽም መራቅ የለበትም፤ እጅሽ የሚገባበት ክፍተት ይበቃዋል። ትራስ አይደለም፤ የሚይዝ እጅ ነው።»

እጀ ወርቅ ለብዙ ጊዜ ሳትጠይቅ የቆየችውን ጠየቀችው። «ባሌስ? እሱ ምንም አልሆነም። እናቱም።»

«እሱ ወንበሩ ይዞታል። እናቱ አጭር ናቸው?»

«አጭር ናቸው።»

«የኋላው ወንበር ራሳቸውን ደርሶ ይዟቸዋል። አንድ ግጭት ነበር፤ ወንበሩ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ኤክስሬዩ ደግሞ አጥንት ነው የሚያየው። ያንቺ የተጎዳው አጥንትሽን የያዘው ጅማትና ሥጋ ነው።»

አለቀሰች። እህቷ አሟት መስሏት ልትይዛት ተነሳች። «አይደለም» አለች እጀ ወርቅ፣ «እብድ አይደለሁም ማለት ነው።» ሰውየው ግን የሚሸነግል አልነበረም። ብዙው ሰው በጥቂት ወራት እንደሚሻለው፣ ጥቂቱን ግን ሕመሙ እንደማይለቀው፣ እሷ ከየትኛው እንደሆነች ገና እንደማያውቅ ነገራት። ዘግይታ መምጣቷንም አልደበቃትም።

ማታ ራት ላይ ተናገረች። ፎጣውን፣ ጠርሙሱን፣ መጽሐፉን ሁሉ። እንደ ምሥራች ነበር የነገረቻቸው፤ ምክንያቱ ከታወቀ ጠቡ የሚያበቃ መስሏት ነው። እማማ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«እኔ ነኝ አንገትሽን የሰበርኩት በይኛ!»

«እማማ፣ እንደዚያ አላልኩም። ማናችንም አናውቅም ነበር።»

«መንገድ ልይ ብዬ ሰው ገደልኩ!» እየተነሱ አለቀሱ። ወደ መኝታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ባሏ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ደስ አለሽ? አሁን ደግሞ እናቴ ላይ ለጠፍሽው።»

«እኔ የምልህ የወንበሩን ነገር ነው።»

«ትራስ የሰው አንገት ሰበረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«አለመኖሩ ነው።»

«እኔም እዚያው ነበርኩ» አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ምሽት በኋላ በዚያ ቤት አንገት የሚባል ነገር አይነሳም ነበር። እማማ ለስድስት ወር ምራታቸውን በሦስተኛ ሰው ነው ያናገሯት፤ «ውኃ የምትሰጥ ብትኖር እጠጣ ነበር» እያሉ።

እጀ ወርቅ ሕክምናዋን ቀጠለች። በአውቶብስ ትሄዳለች፣ በአውቶብስ ትመለሳለች። ባሏ «ላድርስሽ» ማለቱን ትቶ ነበር፤ እሷም «አድርሰኝ» ማለቷን።

አንድ ቀን ከሕክምና ስትመለስ አውቶብሱ ገበያው ጋ ሲደርስ በመስኮት «ሙሽራዬን» አየቻት። ዳር ይዛ ቆማለች። ባሏ ሽንኩርት እየመረጠ ነው። እማማ ጋቢና ተቀምጠዋል። ቀበቶ አስረዋል። ከጀርባቸው ደግሞ የራስ መደገፊያው አለ፤ ልክ ከራሳቸው ጋር ሆኖ፣ ተጠግቶ፣ በትክክል ተስተካክሎ። ባለሙያው ጠርሙሱን ከመጽሐፉ ጋር እንዳስጠጋው ያህል።

አውቶብሱ ሄደ። ዞራ ልታይ ፈለገች፣ አንገቷ አልዞረላትም።

ቤት ስትደርስ ወንበር ላይ ወጥታ ቁም ሳጥኑን አየች። አቧራው ላይ የመደገፊያው ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። ቅርጹም ራሱ ስስ አቧራ ለብሷል፤ የትናንትና የዛሬ ነገር አልነበረም።

ባሏ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው። «መቼ ነው ያወረድከው?»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠ። መካድ የሚችልበት ነገር አልነበረም። «ለጥንቃቄ ነው። እናቴ አሮጊት ናት፣ አጥንቷ ስስ ነው።»

«ስለዚህ አምነኸኛል።»

«ለጥንቃቄ ነው አልኩሽ።»

«በነጋታው ነው ያወረድከው፤ ነው? በነገርኩህ ማግሥት። እናትህን አስጠንቅቀህ፣ ቀበቶ አልምደህ፣ ወንበር ቀይረህ። እኔን ግን ስድስት ወር ሙሉ ውሸታም አድርገህ አስቀመጥከኝ።»

 ባሏ እሷ እስከዚያ ቀን ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ተናገረ። «አንቺን ካመንኩ እጄን ምን ላድርገው? እኔ እኮ ነኝ የነቀልኩት።»

ይህችን ቃል ቀደም ብሎ ቢናገራት ኖሮ፣ ትላለች እጀ ወርቅ፣ ጉዳዩ በዚያው ያልቅ ነበር። አብረን አልቅሰን እንተኛ ነበር። ያን ጊዜ ግን የመጣላት ሌላ ነው።

«እኔስ አንገቴን ምን ላድርገው?»

ባልዲ አነሳና መኪና ሊያጥብ ወጣ። እሑድ እንኳ አልነበረም።

በሳምንቱ ልብሷን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ገባች። የተጣላ ሰው አካሄድ አልነበረም፤ አልተጮኸም፣ ዕቃ አልተሰበረም። ባሏ ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ተሸከመላት። ለእሷ ብሎ ከተሸከማቸው ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው እሱ ነው። ሊያስታርቁ የመጡ ዘመዶች ነበሩ፤ «አንቺ በትንሽ ነገር ትዳር ታፈርሻለሽ?» ይሏታል። ትንሹ ነገር የትኛው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ይዘረዝራሉ፤ አማት፣ ምላስ፣ ኩርፊያ። አንገቷን የሚጠራ የለም።

አሁን ዘግታት የነበረችውን የደረጃ ሥር ክፍል መልሳ ከፍታለች። ያገለገለ፣ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣ ማይክሮስኮፕ አግኝታ ስክሪኑን ከዓይኗ ትይዩ ሰቀለችው፤ ሳትጎነበስ ቀጥ ብላ እያየች ትበይዳለች። ጎበዝ ነሽ ይሏታል። ግን ጣቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ትንሽ ሠርታ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች፣ ሕመሙ ጋብ ሲል ትነሳለች። ከባዱን ሥራ አትቀበልም፤ «ይሄ አብቅቶለታል፣ ሌላ ግዢ» ማለት ለምዳለች። በዝናብ ቀን ጭራሽ አትመጣም። ሽፋን ሻጩ ጎረቤቷ ክፍሉን አስፍቷል፤ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሯል።

ለሚሰማት ሰው ሁሉ የወንበሩን ነገር ትናገራለች። ታክሲ ስትገባ መደገፊያውን ወደ ላይ ትስባለች፤ ሾፌሮቹ «እህቴ ተይው፣ ላስቲኩ ይቀደዳል» ይሏታል። የእህቷ ባል አንድ ሰሞን ሰምቷት የመኪናውን መደገፊያዎች ሁሉ አስተካክሎ ነበር፤ ሶፋ ሊጭን ሲል ነቅሎ ጋራዥ ጣላቸው፣ እዚያው ቀሩ። አንድ ወጣት ደንበኛዋ ደግሞ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲያዳምጣት ቆይቶ «ታዲያ ካሣ አገኘሽ?» አላት። የገባው ይህ ነው።

በቅርቡ አንዲት የድሮ ደንበኛዋ ስልኳ ቻርጅ አልቀበል ብሏት መጣች። ወሬ የምትወድ ሴት ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከባለቤትሽ የተለያየሽው በአማትሽ ምክንያት ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አለቻት።

እጀ ወርቅ መበየጃውን አስቀመጠች። ልትነግራት አሰበች። ከየት እንደምትጀምር አሰበች፤ ከቆሙበት መብራት፣ ከዳቦ መኪናው፣ ከጣሪያው። ሴትዮዋ በጉጉት ትጠብቃለች። ከላይ የሆነ ሰው ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

«አዎ» አለቻት፣ «በአማቴ ነው።» እንዲህ ማለቱ ያጥራል።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ስለ ራሷ አማት ማውራት ጀመረች።